የአስር አለቃ ከበቡሽ ኦራል

ሆሳዕና ውስጥ አስር አለቃ ከበቡሽን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ኦራሏ ገና ሳይታይ ነው የሚሰማው። አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ ዝገቱ ያገጠጠ የድሮ የወታደር መኪና ነው፤ ጥቁር ጭሱን እየተፋ ሽቅብ ሲመጣ ባጃጆች ጥግ ይይዛሉ፣ እግረኛው ቦዩን ተሻግሮ ይቆማል። መኪናውን ፈርተው እንዳይመስላችሁ! ሴትዮዋን ነው።

ከበቡሽ ሃምሳ ዓመቷ ነው። አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ መዳፏ የሻከረ። አባቷ ከመንዝ መጥተው እዚሁ ሆሳዕና ሂሳብ ያስተማሩ መምህር ነበሩ፤ ልጃቸው መልስ በሳተች ቁጥር ቀበቷቸውን ይፈታሉ። ወታደር ቤት ስትገባ ደግሞ መንዳት ያስተማራት መቶ አለቃ ማርሽ ባንቋቋች ቁጥር ጉልበቷን በዱላ ይላታል። ታዲያ ሂሳቡም ገባት፣ መንዳቱንም ቻለችበት። ከዚህ ሁሉ ለራሷ ያስቀረችው ትምህርት፣ ሰውም ሆነ ብረት የሚሰማው ሲመታ ነው የሚል ነበር። ይህንንም በሆዷ አልያዘችውም፤ በየደረሰችበት አፏን ሞልታ ትናገረዋለች።

ከሠራዊቱ ስትሰናበት የእናቷን ቤት ሸጣ ይህን ኦራል በጨረታ ገዛች። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ሳቀባት። «ሴትዮዋ ጦርነት ልትገጥም ነው እንዴ?» ተባለ። ክረምት ሲገባ ግን ሳቁ ቀጥ አለ። የቦኖሻ መንገድ ጨቅይቶ ኢሱዙዎች እስከ ሆዳቸው ሲሰምጡ ስልክ የሚደወለው ለከበቡሽ ሆነ። የኦራል ስድስቱም ጎማ ይስባል፤ ሌላው ቆሞ በሚያለቅስበት ጭቃ እሱ እየጨፈረ ያልፋል። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ እንጀራዋም ዘመዷም ያ መኪና ነበር።

ፖምፓው ግን በሽተኛ ነበር፤ ናፍጣውን ወደ ሞተር የሚገፋው ማለት ነው። ውስጡ ናፍጣ የምትመጥን አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች፤ ወዲህ ወዲያ መመላለስ አለባት። የከበቡሽ ፖምፓ ዘንግ ግን ትነክሳለች፤ ባለችበት ተጣብቃ አልንቀሳቀስ ትላለች። ስትነክስ ሞተሩ ይራባል፣ ማሳል ይጀምራል፣ ጉልበቱ ይሞታል። የፖምፓውን ጎን በመዶሻ ሲያቀምሱት ዘንጓ ትለቅና ሞተሩ ነፍስ ይዘራል። በየጊዜው ወርዶ ኮፋኖ መክፈት ከበቡሽን ቢሰለቻት ጋቢናውን በረዳቱ እግር በኩል በሳችው፤ በቀዳዳው ረጅም ብረት አሳለፈችና ጫፉን ፖምፓው ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወዲያ መኪናው እየሄደ፣ ረዳቱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጉልበቱ ሥር ያለውን ብረት መምታት ብቻ ሆነ። መዶሻው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ይቀመጣል።

መካኒኩ ናስረዲን ይህን ባየ ጊዜ ራሱን ያዘ። የጉራጌ ልጅ ነው፣ ጋራዡ አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነው፣ ናፍጣ ሲሸተው በሽታውን የሚያውቅ ሰው።

«ከበቡሽ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ይህን ፖምፓ አውርጂና አዲስ አበባ ልውሰድልሽ። እስከ ዛሬ የምትነክሰው ተዘግታ ነው። አንድ ቀን ተከፍታ የነከሰች ለታ ሞተሩ ማጥፊያ አይሰማ፣ ፍሬን አይሰማ! እስኪፈነዳ ነው የሚጮኸው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት ሳምንት።»

«በክረምት ሁለት ሳምንት ልቁም? ጤነኛ ነህ?» ብላ ጥላው ሄደች።

ረዳቷ ሆሴዕ ይባላል። ረዳት ሲባል ጎረምሳ እንዳይመስላችሁ፤ አርባን ያለፈ፣ የአራት ልጆች አባት፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መዝሙር የሚመራ የሀዲያ ሰው ነው። የብረቱን አመታት እንደሱ የሚያውቅ አልነበረም። ጆሮውን ያቀናል፣ ሞተሩ ሊያስል ሲል ቀደም ብሎ ቶክ፣ ቶክ ያደርገዋል፤ ሁለቴ፣ ለስለስ አድርጎ። ይበቃዋል። ከበቡሽ ግን ልስላሴ ያናድዳታል።

«ምታው እንጂ! ምን ታባብለዋለህ?»

ሆሴዕንም ከመምታት እጇ አያርፍም ነበር። ጎማ ሲፈታ ከዘገየ ጥፊ፣ ገመድ ካላላ እርግጫ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዋጠው። ጥር ላይ ግን ከዱራሜ ሲመለሱ የጭነቱ ገመድ ላልቶ አንድ ኩንታል በቆሎ አስፋልት ላይ ተበተነ። ከበቡሽ የጎማ መፍቻውን ብረት እንደያዘች ዞራ አሳረፈችበት። መንጋጋው ተሰበረ። ሁለት ጥርሱ በቆሎው መሐል ቀረ። ምስኪን! አንድ ወር ተኩል አፉ በሽቦ ታስሮ አጥሚት በቀሰም ሲስብ ከረመ።

እሱ ዝም ቢል ሚስቱ ዮዲት ዝም አላለችም። ራጁን በፌስታል ይዛ ሽማግሌ ቤት ሄደች። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አቶ እንድርያስ የሀዲያን ሴራ፣ ያባት የናቱን ሕግ፣ አንድም ሳይስቱ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ክሱ ወደ ፖሊስ ቢሄድ ከበቡሽ መታሰሯ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው ሲመክሩ፣ ሲገስጹ ዋሉና ማሳከሚያውን አስከፈሏት። ከዚያ በሦስት ምስክር ፊት ወረቀት ተጻፈ፤ ከበቡሽ ሆሴዕን ዳግመኛ ከመታች ኦራሉ ከነሊብሬው የሆሴዕ ይሆናል። ከበቡሽ ፈረመች። ያለ ኦራሉ እሷ ማን ናት? ማን አስር አለቃ ሊላት ነው?

ሆሴዕ እንዴት ተመልሶ አብሯት ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። አራት ልጅ ነዋ! ሆሳዕና ውስጥ ሥራ እንደ ጎመን ከጓሮ አይቀነጠስም። አራት ወር አብረው ሠሩ፣ ከበቡሽም ቃሏን ጠበቀች። ደሟ ሲፈላ ትወርድና ጎማውን ትረግጣለች። አንዴማ ስፖንዳውን በቡጢ ብላው የጣቷ ቆዳ ተገሽልጦ መጣ።

እንዲህ እንዳሉ ሐምሌ ገባ። አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ከዶዮገና በላይ ካለ መንደር ድንች ሊያነሱ ሄዱ። መንገዱ ጭቃ በጭቃ ስለነበር ከኦራል በቀር የሚደፍረው የለም። ከበቡሽ ማሳው አፍ ድረስ ገብታ ድንቹን በገበሬዎቹ አስጫነች። እንግዲህ የየከተማውን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ጫኝና አውራጆቹ ያልነኩት ጭነት በሰላም አያልፍም። ዶዮገና ስትደርስ መንገዱን በግንድ ዘግተው ጠበቋት። ስድስት ናቸው። አለቃቸው ዳኘ የሚባል አንገተ ወፍራም ነው።

«ያለ እኛ ማን ጫነ? ውረጂ!»

«የጫነው ባለ ድንቹ ነው። ግንዱን አንሳ!»

ዳኘ አላነሳም። ጋቢናው ውስጥ አጮልቆ ሆሴዕን ሲያይ ጥርሱ ሁሉ ወጣ። ወሬው ለካ ዶዮገናም ደርሷል።

«ሆሴዕ ማለት አንተ ነህ? አንድ ጊዜ ከነካችህ መኪናው ያንተ ነው አሉ! ምን ትጠብቃለህ ታዲያ? ጉንጭህን ስጣት እንጂ!»

ገበያተኛው አውካካ። ከበቡሽ ዞር ስትል ሆሴዕም በዚያ በጠመመ መንጋጋው ፈገግ ብሏል። እሱን ስታይ ቆሽቷ አረረ። ወርዳ አንድም ቃል ሳትናገር ዳኘን በቴስታ አፍንጫው ላይ አለችው። ቋ! ደሙ ደረቱ ላይ ወረደ። ሁለተኛው ፀጉሯን ሲይዛት እጁን ነከሰችው፤ ሦስተኛው በዱላ ግንባሯን ፈነከታት። ወደቀች፣ በእርግጫ ጎኗን አሏት፣ ተነሳች፣ አንዱን ብልቱ ላይ በጉልበቷ መታችው። ግንዱን ከመንገድ ጎትቶ ያነሳው ሆሴዕ ነው። እሷንም በወገቧ አንስቶ ጋቢናው ውስጥ የወረወራት እሱ ነው። ድንጋይ ስፖንዳው ላይ እየዘነበ፣ አንዱ የጎን መስታወቱን እያረገፈው አመለጡ።

እንግዲህ በዚያ ሁኔታ መንዳት ነበረባት? አልነበረባትም። ከግንባሯ የሚወርደው ደም ግራ ዓይኗን ሸፍኗታል፣ ጎኗ ይጠዘጥዛታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሆሴዕ ፈገግታ ነው።

«ሳቅህ!» አለችው።

«አልሳቅኩም፣ እትዬ።»

«ሳቅህ! መኪናዬን ስትመኝ አየሁህ!»

ከከተማው ወጥተው ዳገቱን እንደጀመሩ ኦራሉ አሳለ። ሆሴዕ መዶሻውን አንስቶ ቶክ፣ ቶክ አደረገው። አሳለ። ደገመው፣ አሁንም አሳለ። ሰባት ሺህ ኪሎ ድንች ወደ ኋላ ይስባቸዋል።

«ምታው!»

«ይኼው እየመታሁ ነው፤ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ...»

«ምታው አልኩህ!» መዶሻውን ከእጁ መነጨቀችው። በአንድ እጇ መሪውን ይዛ ጎንበስ አለችና ብረቱን ባላት ጉልበት መታችው። ያን ሁሉ ዳኘ ላይ ያላለቀላትን፣ ለሆሴዕ አራት ወር ያጠራቀመችውን እዚያ ብረት ላይ አወረደችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ኦራሉ ጮኸ። በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። ድንቹን እንደ ገለባ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ፤ እሷም «አየህ? አየህ ወይ?» ብላ ፎከረች። አናቱ ላይ ደርሰው ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሯን ከነዳጅ መስጫው አነሳች። ሞተሩ ግን አልወረደም። ጭራሽ ጨመረ። ያን ጊዜ ናስረዲን «ተከፍታ የነከሰች ለታ» ያላት ትዝ አላት።

ማጥፊያውን ሳበችው፤ ገመዱ ተበጥሶ እጇ ላይ ቀረ። ፍሬኑን ረገጠች፤ ትንሽ ያዘና ጎማው መጨስ ጀመረ። ማርሽ እንዳታወጣ ሞተሩ ይፈነዳል፣ መኪናውም ጭራሽ የሚይዘው አያገኝም። መንገዱ ከገበያ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። ጥሩምባውን ይዛ ጮኸች፣ ሰው በየቦዩ ተወረወረ፤ አንዲት የተጫነች በቅሎ ግን መሐል መንገድ ላይ ደንግጣ ቀረች። ኦራሉ በላይዋ ላይ አለፈ። የአጥንቷ ድምፅ እታች ተሰማ፤ ባለቤቷ ከኋላቸው ሲጮህ ሆሴዕ በመስኮት አየው።

ከበቡሽ የመጣላት አንድ መላ ብቻ ነበር፤ የምታውቀው ሌላ መላ የለማ! መዶሻውን አነሳች፣ ያቺን ዘንግ ደግማ በመምታት ልታስለቅቃት። በዚያች ቅጽበት ሆሴዕ በሩን በረገደው። በዚያ በኩል ገደል ነው። መንገዱ ከበሩ ሥር ይጋልባል፣ የኋላዎቹ ጎማዎች ከደረጃው ጀርባ ይሽከረከራሉ። አንድ እግሩ ወጥቷል።

«ምን ሆንክ! አንተ!» መዶሻውን ጥላ ኮሌታውን ያዘችው፤ ወደ ውስጥ ጎተተችው። ሆሴዕ ታገላት፣ ደረቷን ገፍትሮ እንደገና ወደ በሩ ሄደ። ጎትታ መለሰችውና በክርኗ መንጋጋውን መታችው። ያንኑ መንጋጋ። ከጋቢናው ወለል ላይ ተዘረረ። ደግሞ ሊነሳ ሲሞክር ደገመችው፤ ዝም አለ።

ከዚያ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘች። ኦራሉ ቦዩን ዘሎ የእንሰት ማሳ ውስጥ ገባ፤ እንሰቱን እየገነደሰ ሄዶ አፈር ግድግዳ ላይ በግንባሩ ተተከለ። ከበቡሽ ደረቷን መሪው ላይ ተመታች። ጎማዎቹ ግን አሁንም ይሽከረከራሉ፣ ጭቃና ድንች ይወረውራሉ፣ ሞተሩ ይጮሃል። በዚያ በተሰበረ ጎኗ ወርዳ የወታደር ጃኬቷን አወለቀችና ከኮፋኖው ጎን ያለውን የአየር መሳቢያ በጃኬቱ ጠቀጠቀችው። ሞተሩ ታነቀ፣ ተንደፋደፈ፣ ሞተ። ኦራሉ ያን ቀን የሰው ነፍስ ሳይነካ ቆመ።

ሆሴዕን ከጋቢናው አውርዳ እንሰት ቅጠል ላይ አስቀመጠችው። ደም ተፋ። ዓይኑ ከፈት ብሏል።

«አዳንኩህ» አለችው። እያለከለከች ነበር። «ጎማው ሥር ልትገባ ነበር እኮ!»

ሆሴዕ መንጋጋውን በመዳፉ ደግፎ ፊቱን አዞረ።

ትንሽ ቆይታ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋቢና ውስጥ የሆነውን ያየ ሰው የለም።»

አሁንም ፊቱን አልመለሰላትም። ይህ ከዳኘ ዱላ ይልቅ አስፈራት።

ማን ነገረ ብትሉ ማንም አልነገረም። ዮዲት ያን ያበጠ መንጋጋ አይታ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳትጠይቅ ነጠላዋን አንስታ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች።

እሁድ ከሰዓት የእድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበት ቤት በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። ከበቡሽ ግንባሯ ተጠቅልሎ፣ ጎኗ ታስሮ መጣች። አልደበቀችም። መታሁት አለች፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገረች። ናስረዲንም ተጠርቶ ነበር፤ ከዚያ በር የዘለለ ሰው ከኋላ ጎማ እንደማያመልጥ መሰከረ፤ «ባትመታው ዛሬ የተቀመጥነው ለቀብሩ ነበር» አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፊታቸው ላላ። ከበቡሽ ይህን አየችና ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች። ተርፋለች። ኦራሏም ተርፏል።

«ሆሴዕ፣» አሉ አቶ እንድርያስ፣ «ወረቀቱ ወረቀት ነው። ግን የተጻፈው ለክፉ ዱላ ነው። ይህኛው ነፍስህን አትርፏል። እውነት ነው አይደለም?»

ሆሴዕ ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። አፉ ስላልተከፈተለት ቃሉ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው።

«እውነት ነው፣ አባቶች። እትዬ አልዋሹም። ባይመቱኝ እወጣ ነበር፣ እሞትም ነበር።»

«እንግዲያስ...»

«አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ሁላችሁም መኪናው አስፈርቶኝ ልዘል የነበርኩ መስሏችኋል። መኪናው አላስፈራኝም። ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ናስረዲን የነገራችሁን እኔም አውቀዋለሁ፤ የተቀመጠ ይተርፋል፣ የዘለለ ያልቃል። ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ተቀምጬ ነበር።» ቆመና ምራቁን ዋጠ። «ከዚያ መዶሻው ተነሳ። ለእኔ መሰለኝ። ጎማው ከሥሬ ሲሽከረከር አየዋለሁ፣ ገደሉንም አየዋለሁ። ከእትዬ እጅ ጎማው ተሻለኝ።»

ዮዲት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ለብረቱ ነበር» አለች ከበቡሽ። «ሆሴዕ፣ ሙት ስልህ፣ መዶሻውን ያነሳሁት ለብረቱ ነበር።»

«አሁን አውቃለሁ፣ እትዬ። ያን ጊዜ አላወቅኩም።»

ከበቡሽ ማንም አንድ ቃል ሳይላት ብድግ አለች። ቁልፉን ከአንገቷ ላይ ከማተቧ አጠገብ ነበር የምታንጠለጥለው፤ አወለቀችው። ሆድ ብሷታል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን አላለቀሰችም። በገዛ እጇ ልትሰጠው ወደ ሆሴዕ ሄደችና ክንዷን ዘረጋች።

ሆሴዕ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ወደ ኋላ ሸሸ። ሳያስበው ነው ያደረገው፤ እንደነቃም በሰው ፊት አፈረና እጁን አወረደ። ሽማግሌዎቹ አይተዋል። ከበቡሽም አየች፤ የተዘረጋውን እጇን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ቁልፉን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።